ልቧ ከተሰፋ በኋላ

ባለቤቴ የልብ ኦፕራሲዮን ያደረገችው በደርግ ዘመን ነው። ያኔ ልብ በቢላ ይነካል ሲባል ሰው ያማትብ ነበር። በልጅነቷ ጉሮሮዋን እያመማት በወጉ ሳይታከም የቀረው በሽታ ውሎ አድሮ ልቧ ላይ ወጥቶ፣ ደም ከሚያልፍባቸው የልቧ በሮች አንዱን አጥብቦት ነበር። ሳገባት እኔ ይህን አላውቅም፤ እሷም በቅጡ አታውቅም። ከፒያሳ ወደ ጊዮርጊስ አብረን ስንወጣ መሃል ላይ ጎንበስ ትልና የጫማዋን ማሰሪያ ታስራለች። ጫማዋ ማሰሪያ እንደሌለው ያስተዋልኩት ከተጋባን ወራት ካለፉ በኋላ ነው።

እሷ ጊዮርጊስ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል ታስተምራለች። እኔ ፒያሳ፣ አንድ መነጽር ቤት ጓዳ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሌንስ እሞርዳለሁ። የምንኖረው ውቤ በረሃ፣ ብዙ ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ባሉ ሁለት ክፍሎች ነበር። እናቷም ከእኛው ጋር ነበሩ። እኔም እንደ እሷ "እማማ" ነበር የምላቸው። ቁመታቸው አጭር ነው፤ ቃላቸው ግን አይታጠፍም።

ኦፕራሲዮኑን የሚያደርገው ፈረንጅ ነበር። የእኛው አገር ዶክተር፣ ጠጉሩ ገና በጊዜ የሸበተ ረጋ ያለ ሰው፣ ያስተረጉምለታል። ፈረንጁ ጡጫውን ጨብጦ ልብ አስመስሎ አሳየን።

"እዚህ በግራ በኩል ጆሮ የምትመስል ትንሽ ኪስ አለች" አለ ዶክተሩ ሲተረጉም። "በእሷ በኩል ጣቱን አስገብቶ የጠበበውን በር ያላቅቀዋል። ሲወጣ ኪሷን አስሮ ይዘጋታል።"

"ለምን ይዘጋታል?" አልኩ።

"ደም እዚያች ውስጥ እየተኛ ይረጋል። የረጋው ተነቅሎ አንጎል ውስጥ ከገባ ሰውን ሽባ ያደርጋል።"

ባለቤቴ ፈገግ አለች። "ጆሮዋ ከተዘጋ ታዲያ ልቤ ምክር በምን ይሰማል?" አለች። ዶክተሩ ሳቀና ለፈረንጁ ነገረው፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ዶክተሩ ፊቱን ሰብሰብ አድርጎ እንዲህ አላት።

"ስሚኝ፤ በሩ ይከፈታል። ልብሽ ግን ስንት ዘመን ሲታገል የደከመ ልብ ነው፤ አዲስ አይሆንም። ከኦፕራሲዮኑ በኋላም ሊደክም ይችላል። ከደከመ ውሃ ያጠራቅማል። ጨው አትብዪ፤ ፈሳሽ በልክ ይሁን። እግርሽ ካበጠ ወይም ተጋድመሽ መተኛት ካቃተሽ፣ ዛሬ ነገ ሳትዪ ነይ።"

እኛ ግን ከዚያ ሁሉ ንግግር ይዘን የወጣነው "በሩ ይከፈታል" የሚለውን ብቻ ነው። እሷን ያስወሰናት ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። አጠገቧ ባለው አልጋ ላይ በዚያው በሽታ የተያዘች ልጃገረድ ተኝታ ነበር፤ የረጋ ደም አንጎሏ ገብቶ ቀኝ ጎኗ አይታዘዝላትም። እናቷ ፀጉሯን ሲያበጥሩላት አንደበቷ እየተኮላተፈ "በቃ፣ በቃ" ትላቸዋለች። ባለቤቴ ያንን ካየች በኋላ "ይዝጉልኝ" አለችኝ። 

ኦፕራሲዮኑ ሰመረ። ከጡቷ ሥር ተነስቶ ወደ ጀርባዋ የሚዞር ጠባሳ ይዛ ወጣች። ከንፈሯ ደም ለበሰ፤ ጉንጯ ቀላ። ፋሲካን አሳልፋ ክፍሏ ስትመለስ ተማሪዎቿ አበባ ይዘው ጠበቋት። እኔም መነጽር ቤት ለገባው ደንበኛ ሁሉ፣ ጠየቀኝ አልጠየቀኝ፣ የሚስቴን ልብ ታሪክ ማውራት ሥራዬ ሆነ።

ክረምት ሲገባ ነገሩ መለወጥ ጀመረ። በመጀመሪያ ጫማዋ ጠበባት። "ዝናብ አጨማዶት ነው" አለች። ቀጥሎ ሳል መጣ፤ ለሱም "ብርድ ነው" አለች። ትራሷ አንድ የነበረው ሁለት ሆነ፤ ከዚያ የእኔን ትራስ ወሰደች፤ ኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ እንዳለች ማንቀላፋት ጀመረች።

ያን ጊዜ ፍልሰታ ገብቶ ነበር። እማማ ልጃቸውን ከሞት ያወጣው ጊዮርጊስ ነው ብለው ያምናሉ፤ ፈረንጁም የእሱ መልእክተኛ ነው። ስለዚህ ሱባኤውን በሙሉ ጸበል ሊያጠጧት ተሳሉ። ማለዳ ከቅዳሴ በፊት ሄደው በማሰሮ ይዘው ይመጣሉ። በባዶ ሆዷ ያስጨልጧታል፤ ማታም ይደግማሉ። እሷም ዓይኗን ጨፍና ትጠጣለች።

አንድ ቀን እንደ ምንም ደፍሬ "እማማ፣ ዶክተሩ እኮ ውሃ በልክ ነው ያለው" አልኳቸው።

ማሰሮውን አስቀምጠው ቀና ብለው አዩኝ። "ይሄ ውሃ ነው እንዴ ልጄ?"

 ዛሬም ቢሆን ለዚያ ጥያቄ የሚሆን ቀና መልስ ያለኝ አይመስለኝም። ወደ ባለቤቴ ዞር ስል በዓይኗ "ተወው" አለችኝ። ብቻችንን ስንሆን "እናቴ እኔን ለማዳን የምታደርገው ነገር ይህ ብቻ ነው፤ እሱን ከቀማኋት በፍርሃት ታልቅብኛለች" አለችኝ።

ግቢያችን በር ላይ አንድ ሙስሊም የወሎ ሰው ሱቅ ነበራቸው። እህልና ስኳር በጆንያ የሚመዝኑበት ትልቅ ሚዛን አላቸው። ከሆስፒታል የወጣች ሰሞን ባለቤቴ እየወፈረች እንደሆነ ለማየት እዚያ ላይ ትቆም ነበርና፣ አንድ ቅዳሜ ቀን እንደ ቀልድ ወጣችበት። ሰውየው ሚዛኑን አስተካክለው አነበቡ። ከዚያ ግራ እንደገባቸው "እቴ፣ እናንተ ጾም ላይ አይደላችሁም እንዴ?" አሏት።

"ነን።"

"ሰው በጾም ይከሳል እንጂ እንዲህ ይጨምራል?"

እሷ ሳቀች፤ እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ክንዷ ከስቷል፤ የአንገቷ አጥንት ወጥቷል። ታዲያ የጨመረው ምንድን ነው? የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል እንሂድ ብዬ ለመንኳት። "ሰኞ እንሄዳለን፤ ቅዳሜና እሑድ እኛን የሚያውቀን ሐኪም አይኖርም" አለች። እኔም ሰኞ ሩቅ አይደለም ብዬ ተስማማሁ።

እሑድ ጠዋት ዝናብ ነበር። ቀበሌው ስብሰባ ጠርቷል፤ ከየቤቱ አንድ ሰው የግድ ይገኛል። የቀረ ሰው ስሙ ይነበባል፤ ስሙ የተነበበ ሰው ምን እንደሚገጥመው ደግሞ አይታወቅም፤ የሚያስፈራውም አለመታወቁ ነበር። ጫማዬን ሳጠልቅ ከጓዳ የሳሏን ድምፅ ሰማሁ። የተለመደው ሳል አልነበረም። ውስጡ ውሃ ያለበት፣ ሲፈላ እንደሚንፈቀፈቅ ድስት ያለ ድምፅ ነው።

ስገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በሁለት እጇ ፍራሹን ጨብጣለች። ከንፈሯ ጠቁሯል። መሐረቧ ላይ የተፋችው አረፋ ሮዝ ቀለም አለው። እማማ ከፊቷ ተንበርክከው እጇን ይዘዋል።

"መስኮቱን" አለች። ከፈትኩት። ብርድና ዝናብ ገባ።

"ምን ይሰማሻል?"

"እየሰመጥኩ ነው" አለች፤ ቃሉን ለማውጣት ሁለት ጊዜ ተንፍሳ።

መኪና ያስፈልገኛል። በዚያ ዘመን ግን ነዳጅ በቁጠባ ስለነበር እሑድ እሑድ የግል መኪና የሚነዳው በተራ ነው፤ አንዱን እሑድ ጎዶሎ ታርጋ፣ ቀጣዩን ሙሉ። መንገድ ወጥቼ ብቃኝ ጭር ብሏል፤ ታክሲ የሚባል የለም። በግቢያችን መኪና ያላቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ጣልያን ጋራዥ ውስጥ የሠሩ፣ ፈሊጣቸው የማያልቅ የአራዳ መካኒክ። አሮጌዋ ትንሽ ፊያት፣ ሲቼንቷቸው፣ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ተራዋ አልነበረም። እሳቸውም ስብሰባ ላይ ናቸው።

የሱቁን ባለቤት ሚስት ጠርቼ ከእማማ ጋር እንዲሆኑልኝ አደረግሁና ሮጥኩ።

የቀበሌው አዳራሽ ድሮ የታወቀ ጭፈራ ቤት ነበር። ባንኮኒው አልተነሳም፤ ሊቀመንበሩ ንግግር የሚያደርገው ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ ነው። ይህ ሰው ቀይ ሽብር ጊዜ ብዙ ቤት ያስለቀሰ ነው ይባል ነበር፤ ሲናገር ሰው ሁሉ ጫማውን ያያል። በሩ ላይ ጠመንጃ ያነገተ ጎልማሳ የአብዮት ጠባቂ ቆሟል። ሲያስገባኝ "ከገቡ በኋላ መውጣት የለም" አለኝ። መካኒኩ ከፊት ረድፍ መሃል ተቀምጠዋል። ሰው እየተረገጠ ካልሆነ በቀር አይደረስባቸውም።

እጄን አወጣሁ። ሊቀመንበሩ አየኝና ንግግሩን ቀጠለ። አላወረድኩም።

"የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ!" አልኩ ጮክ ብዬ።

አዳራሹ ዞሮ አየኝ። "ጥያቄ በመጨረሻ ይስተናገዳል፤ ተቀመጥ ጓድ" አለ።

"ሚስቴ እየሞተች ነው፤ ጓድ ሊቀመንበር።"

ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። "ሐኪም ነህ?"

"አይደለሁም።"

"ታዲያ መሞቷን በምን አወቅህ?"

 እስር ቤት የገቡ ሰዎች ከዚህ ባነሰ ምልልስ እንደገቡ አውቃለሁ። ከመመለሴ በፊት ከኋላ አንዲት ሴት "የልጆቻችን መምህርት እኮ ናት!" አለች። ሌላው "አዎ፣ ልቧን የተሰፋችው!" አለ። እዚህም እዚያም ማጉረምረም ተነሳ። በዚያ አዳራሽ ሰው ያለ ፈቃድ ድምፁን ሲያሰማ ስሰማ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ሊቀመንበሩ ባንኮኒውን በመዳፉ መታ። "ጸጥታ! ምንድን ነው የምትፈልገው?"

"መኪና" አልኩና ወደ መካኒኩ አመለከትኩ።

"የእሳቸው ታርጋ ዛሬ ተራው አይደለም።"

መካኒኩ ቀስ ብለው ተነሱ፤ ኮፍያቸውን አወለቁ። "ጓድ ሊቀመንበር፣ መኪናዬስ ተራዋን ታውቃለች። ተራ የማያውቀው በሽታው ነው" አሉ።

የሆነ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁን ዋጠው።  ሊቀመንበሩ በሩ ላይ ያለውን ጠባቂ በአገጩ ጠራውና "አብረህ ሂድ። ኬላ ላይ የሚያስቆማቸው ካለ እኔ ፈቅጃለሁ በል" አለው።

ባለቤቴን በወንበር ተሸክመን አወጣናት። ሲቼንቶ እንኳን በሽተኛ ጤነኛም በወጉ አትይዝም። ጠባቂው ጠመንጃውን በጉልበቱ መሃል አቁሞ ከፊት ተቀመጠ፤ እኔና እማማ ከኋላ እሷን መሃላችን አድርገን ቀጥ አድርገን ያዝናት። እያንዳንዱን ትንፋሽ በትከሻዋ ነበር የምትስበው። አንዱ አልቆ ሌላው እስኪመጣ ያለው ጊዜ እየረዘመ ሲሄድ ይሰማኛል።

ዳገቱ ላይ ሞተሩ ጠፋ። መካኒኩ ቢሰድቡት፣ ቢለምኑት አልነሳ አለ። ጠባቂው ሳይነገረው ወረደ፤ ጠመንጃውን አንግቦ በዝናብ ከኋላ ይገፋ ጀመር። እኔ ልወርድ ብል ባለቤቴ እጄን አልለቀቀችም።

በዚያው መሃል "ውሃ" አለች። "ጠማኝ።"

እማማ ከነጠላቸው ሥር ጠርሙስ አወጡ። የዕለቱ ጸበል ነው። ክዳኑን ሲከፍቱ እጃቸውን ያዝኩት። ከዚያ በፊት እጃቸውን ይዤ የማውቀው ስስም ብቻ ነው።

"እማማ፣ አይስጧት።"

"ልጄ በጥም ትሙትልህ?"

"አይስጧት፤ እለምንዎታለሁ።"

"ልቀቀኝ!" አሉ። ጠርሙሱ በሁለታችን መሃል ተንቀጠቀጠ። በልጃቸው ፊት እየታገልን ነበር፤ ኃይለኛ ነበሩ፤ እኔም አልለቅም።

"እማዬ" አለች ባለቤቴ። ሁለታችንም ዞርን። ትንፋሽ እስኪመጣላት ጠበቀች። "ግንባሬን።"

 እማማ ጣታቸውን በጸበሉ አረጠቡና ግንባሯ ላይ በመስቀል ምልክት ቀቧት፤ ከንፈሯንም በእርጥብ ጣታቸው ዳበሱላት። ጠርሙሱን ዘግተው መለሱት። ያን ጊዜ ሞተሩ ተነሳ።

ሆስፒታል ስንደርስ ተረኛዋ ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። ባለቤቴን ገና ከበሩ እንዳየች ነርሷን ጠራች። እግሯን ወደ ታች አስቀምጠው ኦክስጅን አፏ ላይ አደረጉ፤ ውሃ የሚያሸና መርፌ በደም ሥሯ ሰጧት። ሐኪሟ ጀርባዋን አዳምጣ ስትጨርስ ወደ እኛ መጣች።

"ሳንባዋ ውሃ ሞልቷል። ልቧ ደክሟል። ሰሞኑን ምን ስትወስድ ነበር? ምን ያህል ትጠጣለች?"

ለመመለስ አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር አላውቅም፤ እማማን አሳልፌ መስጠትም፣ መዋሸትም የምችል አልመሰለኝም። እሳቸው ቀደሙኝ።

"እኔ ነኝ ያጠጣኋት" አሉ። "የጊዮርጊስን ጸበል። ጠዋትም ማታም።" በእጃቸው የማሰሮውን መጠን አሳዩ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም፤ ነጠላቸውን ግን በጡጫቸው ጨብጠውት ነበር።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። "እማማ፣ የጎዳት ጸበሉ አይደለም፤ ብዛቱ ነው። ወተትም ቢሆን ሾርባም ቢሆን ያው ነበር" አለቻቸው። "ልቧ ያን ሁሉ መግፋት አይችልም።"

እማማ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ።

መርፌው ሥራውን ጀመረ። አልጋው ሥር የተንጠለጠለው የሽንት ከረጢት ሲሞላ አየሁ፤ ነርሷ ደፍታው ስትመለስ እንደገና ሞላ። ትከሻዋ ቀስ በቀስ መውጣት መውረዱን ተወ። ከሰዓት በኋላ ዓይኗን ከፍታ "ጫማህ ለምን አንድ እግር ብቻ ሆነ?" አለችኝ። ሳይ እውነቷን ነው፤ አንዱን ጫማ ሳላጠልቅ ነበር ጠዋት ከቤት የወጣሁት።

ጠባቂው አልሄደም። ኮሪደር ላይ እየተንጠባጠበ ቆሞ ነበር። እማማን ሲያያቸው ቀረብ ብሎ "ተረፈች?" አላቸው። "ሊቀመንበሩ ይጠይቀኛል፤ ምን ብዬ ሪፖርት ላድርግ?"

"ሸናች በል" አሉት እማማ። ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ።

ሰኞ ያ የሸበተው ዶክተር መጣ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ባለቤቴ ቀጥታ ጠየቀችው።

"ያቺን ጆሮ ስለዘጋችኋት ነው?"

 "ሊሆን ይችላል" አለ። "ትንሽ ብትሆንም ደም ሲበዛ የምትቀበል ማረፊያ ነበረች። ግን ደግሞ ያረጀው በሽታሽ አለ፤ ጨው አለ፤ ውሃው አለ። ይህን ያህሉ የዚህ፣ ያን ያህሉ የዚያ ነው ብሎ የሚነግርሽ ሐኪም ካለ ይዋሻል።"

"ከዚህ በኋላስ?"

"ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ዋናው ነገር ሲመጣ ቀድመሽ ማወቅሽ ነው።"

የወሎው ባለሱቅ ሚዛን ያን ጊዜ ሥራ አገኘ። በየሳምንቱ ትወጣበታለች፤ ሰውየው ስኳር እንደሚመዝኑ ተጠንቅቀው ያነባሉ፤ ከጨመረች ገና ሳትወርድ ሰው ይልኩብኛል። ቤታችን ጨው ተከለከለ። እማማ የንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄደው ጉዳዩን ነገሩ። ቄሱ "ለሚያምን ጠብታ ይበቃል፤ ከጾሙም ፈትቻታለሁ" አሏቸው። እማማ ግን በዚህ አላረፉም። ብዙ ሌሊት ሲጸልዩ ስማቸውን እየጠሩ ራሳቸውን ሲከሱ እሰማ ነበር። አንድ ቀን ባለቤቴ "እማዬ፣ በሽታውን ያመጣሽው አንቺ አይደለሽም፤ ጥፋቱን ለምን ብቻሽን ትሸከሚዋለሽ?" አለቻቸው። እማማ ያን ቀን በልተው ተኙ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቀበሌ ተጠራሁ። በዚያን ጊዜ "ሊቀመንበሩ ይፈልግሃል" ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያላየ ሰው አይገባውም። ባለቤቴን ሳልነግራት ሄድኩ። ሰውየው ብቻውን ነበር። በሩን እንድዘጋ አዘዘኝ።

"ሚስትህ እንዴት ናት?"

"ደህና ናት፤ እግዜር... ደህና ናት።"

"መጀመሪያ ምን ነበር የሚያደርጋት? እግሯ ነው ያበጠው?"

"እግሯ ነው። ከዚያ ጋደም ማለት አቃታት።"

 ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ የሱሪውን ጫፍ ሰበሰበ፤ ካልሲውን ዝቅ አደረገ። ቁርጭምጭሚቱን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ለቀቀው። የጣቱ ጉድጓድ እንደተሰረጎደ ቀረ። ሁለታችንም እሱን እያየን ቆየን።

"ሐኪም ዘንድ ይሂዱ" አልኩት። "ዛሬውኑ።"

"ለማንም አታውራ" አለኝ። አላወራሁም። ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ ተባለ፤ ሆስፒታል ሄዶ ይሁን አይሁን አላወቅሁም። ስወጣ የተሰማኝ ደስታ አልነበረም፤ ሐዘንም አልነበረም። ፍርሃቴ ግን ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው አልሆነም።

ባለቤቴ ምድር ቤት ያለ ክፍል ተሰጥቷት ማስተማሯን ቀጠለች። ልጅ እንዳትወልድ ሐኪሞቹ ከለከሏት፤ ያ ለብቻው ሌላ ታሪክ ነው። እማማ እሷን በጤና እያዩ ሞቱ።

ደርግ ከወደቀ ብዙ ዓመት በኋላ አንድ የልብ ሐኪም መነጽር ሊያሠራ መጣ፤ ሌንሱን እየሞረድኩ ነገሩን አነሳሁበት። ያቺ ጆሮ የምትመስል ኪስ ማረፊያ ብቻ እንዳልሆነች፣ ልብ ሲወጠር ኩላሊትን "ጨውና ውሃ ልቀቅ" የሚል ንጥረ ነገር እንደምታመነጭ ነገረኝ። ስትዘጋ አንዳንዱ ሰው ውሃ ይይዛል፣ አንዳንዱ ምንም አይሆንም፤ የረጋ ደምን ግን መዘጋቷ ይከላከላል፤ ሐኪሞች ገና ይከራከሩበታል አለኝ። ማታ ቤት ገብቼ ለባለቤቴ በዝርዝር አወራኋት። እስክጨርስ አዳመጠችኝ።

"እና አሁን ምን ልታደርግ ነው?" አለች። "ልታስከፍትልኝ ነው?"

"አይ፤ እንድታውቂው ብዬ ነው።"

"አወቅሁት" አለችና ክኒኗን ዋጠች። ክኒኗን የምትውጠው በጉንጭ ውሃ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲቀዳላት አትወድም። በሽታውም አልፎ አልፎ ይመጣል። ባለፈው ክረምት እግሯ ሲያብጥ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ይዣት ሄድኩ፤ ጥቂት ቀን ተኝታ ወጣች።